አሮጌ ስላይድና ኔጌቲቭ ላላችሁ፦ ኤፕሰን ቪ600ን ከአንዲት ጡረተኛ ሆስተስ ስሙት

ስለ ስካነር የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንዶች ናቸው። ስለ ፒክስል ያወራሉ፤ ምን ስካን እንዳደረጉበት ግን አይነግሩንም። አንድ የድመት ፎቶ፣ አንድ የተራራ ፎቶ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ስካን የማደርገው ሞልቶኛል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሆስተስ ሆኜ በርሬአለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የበረራ ፕሮግራማችን በእሱ ስለነበር ትዝታዬም የሚቆጥረው በእሱ ነው። ካሜራ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈኝ አንድ ሻንጣ ሙሉ ፊልም ነው። ስላይድ አለ (ብርሃን ላይ ይዘው የሚያዩት፣ ክፈፍ ውስጥ የገባ ምስል)፣ የከለር ኔጌቲቭ አለ (ቀለሙ የተገለበጠ፣ ፎቶ የሚታተምበት ፊልም)፣ ጥቁርና ነጭ አለ፣ አልበም ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ።

ሻንጣውን ይዤ መጀመሪያ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ቀጥሎ ይህን ኤፕሰን ቪ600 የሚባል ስካነር አስመጣሁ። ስለ ሁለቱም እነግራችኋለሁ። ለሚቸኩል ሰው ግን ፍርዴን አሁኑኑ ልስጥ። ያላችሁ የወረቀት ፎቶ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ስልካችሁ ይበቃል። ስላይድና ኔጌቲቭ ካላችሁ ግን ግዙት። ውድ ነው ካላችሁ ከዘመድ ጋር ተዋጡና ግዙት። ፎቶ ቤት የምትሰጡት ፊልሙ የማን እንደሆነ ግድ የማይላችሁ ከሆነ ብቻ ነው።

የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ስጠብቅ ሻይም ጋብዘውኛል። ሥራው ግን የችኮላ ነው። ስላይዶቹን በቅደም ተከተል አሰልፌ፣ በላስቲክ አስሬ ነበር የሰጠኋቸው። ተደባልቀው መጡ። ምስሉን ያስረከቡኝ በሲዲ ነው። ሲዲ! ሲዲ የሚያነብ ኮምፒዩተር ለመፈለግ ብቻ ሰፈር ዞሬአለሁ። ሲከፈት ደግሞ ምስሉ ትንሽ ነው፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ይደበዝዛል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ሮም ውስጥ አክሱም ሐውልት ሥር ቆሜ የተነሳሁት ነው። ግራና ቀኙ ተገልብጦ መጣ። ሐውልቱን አይታችሁ መገልበጡን አታውቁም። እኔንም አይታችሁ አታውቁም፤ ፀጉሬ አፍሮ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ያው ነኝ። ያጋለጠው ከጀርባዬ የቆመች መኪና ታርጋ ናት። የዚያን ጊዜ የሮም ታርጋ የከተማውን ስም ሙሉውን ነበር የሚጽፈው። ፊደሎቹ ወደ ኋላ ዞረዋል። ስላይድ ሁለት ፊት አለው፤ በየትኛው እንደተኛ የማያይ ሰው ዓለምን ይገለብጣል። ልጆቹን ብጠይቃቸው «ማዘር፣ ይሄ እኮ አይታይም» አሉኝ።

ለእኔ ይታየኛል። ያን ሐውልት ብዙ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ላይ፣ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር የቆመው። ሕንፃው ራሱ በፋሺስቶቹ ዘመን ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። ሐውልቱን በ1937 ወሰዱት። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማለች። ስላይዱ ሲነሳ 1975 ነው። እኔ እዚያ ቆሜ ፈገግ ብያለሁ፣ መኪናው ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ የ18 ወሩ ቀጠሮ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሮም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበር ልጅ ስትኖር ከፎንታና ዲ ትሬቪ በፊት እዚያ ነበር የምንወስዳት። አንዳንዷ ታለቅሳለች። አንዷ ግን ድንጋዩን በእጇ መታ መታ አድርጋ «አይዞህ፣ ትመጣለህ» አለችው። ሁላችንም ሳቅን።

መጣ። በ2002 መብረቅ መታው። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ተተከለ። አብሮኝ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ስላይዱን ስክሪኑ ላይ ሲያየው «አክስቴ፣ ይሄ አክሱም አይደል እንዴ? እነዚህ ሁሉ ፊያቶች እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለኝ። ሐውልቱ ሮም ቆሞ እንደነበር ጭራሽ አያውቅም። ለእሱ ሐውልቱ ሁሌም አክሱም ነው ያለው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አናደደኝ።

እንግዲህ ወደ ማሽኑ።

ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 አዲስ ዕቃ አይደለም። ገበያ የወጣው በ2009 ነው። ይህን ያህል ዓመት መነጋገሪያ የሆነው ለፊልም የሚሆን ጠፍጣፋ ስካነር በዚህ ዋጋ ብዙም ስለሌለ ነው። የእኔ ሲገዛ አሜሪካ ውስጥ 300 ዶላር ወዲያ ወዲህ ነበር። የእኔን ሌላኛዋ የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለዘመድ ሻንጣ ይህ ቀላል ነው፤ ከዚህ የከበደ ሽሮ ጭነን ሄደናል። ከአሜሪካ የምታስመጡ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ አስማሚው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ እንዳትሰኩት። የእኛ 220 ነው።

ሲታይ ተራ የቢሮ ስካነር ይመስላል። ልዩነቱ ክዳኑ ውስጥ ነው። እዚያ ሌላ መብራት አለ፤ ፊልሙን ከላይ አብርቶ ከታች ያነበዋል። ክዳኑ ላይ የተገጠመ ነጭ ምንጣፍ አለ፤ ለወረቀት ነው። ለፊልም ስትሠሩ እሱን ስባችሁ ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ መብራቱ ስለሚሸፈን የሚወጣው ጨለማ ነው። አብሮት የፊልም መያዣዎች ይመጣሉ። ስላይድ ከሆነ በአንዴ 4 ይይዛል። የ35 ሚሊሜትር ኔጌቲቭ ከሆነ ባለ 6 ሁለት ቁራጭ፣ ማለትም 12 ምስል። ትልቁን የስቱዲዮ ፊልምም ይወስዳል። መያዣዎቹ ስስ ፕላስቲክ ናቸው። ለልጅ አትስጡ፣ ለእኔ ቢጤ እጁ ለሚንቀጠቀጥም ቀስ ይባል።

ካርቶኑ ላይ 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበበው የነጥብ ብዛት) ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አትጓጉ። ለስላይድ 3200 ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ምስሉ አይጨምርም። በ3200 አንድ ስላይድ 13 ሜጋፒክስል ተኩል ገደማ ይሆናል። ሳይጨመቅ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ካስቀመጣችሁት 40 ሜጋባይት ያህል ይበላል። ለወረቀት ፎቶ 600 ይበቃል። እኔ ይህን የማውቀው የእህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ ጽፎ ስለለጠፈልኝ ነው። ከሥሩም «መብራት ሲሄድ አትደናገጪ» ብሎ ጨምሮበታል።

አሁን ስለ አቧራ ላውራ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ስካነር ማውራት ስለ አቧራ ማውራት ነው። ፊልም ስካን ሲደረግ ብናኟ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ድንጋይ ታክላለች። በጨርቅ አትጥረጉ፣ ይጭራል። ፋርማሲ የሚሸጠውን የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ ግዙና ንፉበት። ለአየር መንፊያ ተብሎ በውድ ከሚሸጠው የሚያንስ ነገር የለውም።

ማሽኑ ራሱም ዲጂታል አይስ የሚባል ዘዴ አለው። ፊልሙን ሁለት ጊዜ ያነበዋል፤ አንዴ በተለመደው ብርሃን፣ አንዴ ዓይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ። የከለር ፊልም ቀለም ኢንፍራሬዱን ያሳልፈዋል፤ አቧራና ጭረት ግን ይጋርደዋል። ስለዚህ ማሽኑ ቆሻሻው የቱ ጋ እንዳለ ለይቶ ያውቃል፣ ቦታውንም ይጠግነዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ቡና አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ። ውጤቱ ግን ይገርማል። የአቢጃንና የሎሜ ኔጌቲቮቼ በሙቀቱና በእርጥበቱ ነጠብጣብ ሆነው ነበር፤ ታጥበው የወጡ ይመስላሉ።

ግን ሁሉም ላይ አይሠራም፤ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አጥፉት። እዚያ ምስሉን የሠራው ብር ነው፤ ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ ማሽኑ ምስሉን ራሱን ቆሻሻ ነው ብሎ ያስባል። ሁለተኛው ኮዳክሮም፣ የኮዳክ የድሮ የከለር ስላይድ ፊልም ነው። ኮዳክሮም ላይ ጥቁሩን ቦታ አቧራ ይለውና ጠርዙን ያበላሸዋል። የእኔ ስላይዶች ደግሞ አብዛኞቹ ኮዳክሮም ናቸው። እነሱን በጎማ እየነፋን፣ አይሱን አጥፍተን ነው የሠራናቸው።

ኮዳክሮም ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ቀለሙ አይሄድም። በ1935 ተሠራ፣ በ2009 ማምረት አቆሙ፣ በ2010 መጨረሻ ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ላቦራቶሪ፣ ካንሳስ ያለው፣ አበቃ አለ። እኔ የምገዛው ፍራንክፈርት ነበር። እዚያ ዋጋው የማሳጠቢያውን ይጨምር ነበር። ፊልሙን ስትጨርሱ በፖስታ ሽቱትጋርት ወደነበረው የኮዳክ ላቦራቶሪ ትልኩ ነበር፤ ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ክፈፍ ውስጥ ገብቶ ይመለስ ነበር። እኔ የማስመልሰው ፍራንክፈርት ወደምትኖር የአገሬ ልጅ ቤት ነበር። በሚቀጥለው በረራ በርበሬ ይዤላት እሄዳለሁ፣ ቢጫዋን ሣጥን ትሰጠኛለች። ምስሎቼን ከሰው ሁሉ ቀድማ የምታይልኝ እሷ ነበረች፤ ሣጥኑን ከፍታ፣ ወደ መስኮት ይዛ፣ አንድ በአንድ። «ይሄኛው ካፒቴን ቆንጆ ነው፣ አግብቷል?» ትለኝ ነበር።

ፎቶ ቤቱ የጎዳኝም እዚህ ላይ ነው። ኮዳክ ክፈፉ ላይ የታጠበበትን ወርና ዓመት ያትም ነበር። እኔ ደግሞ ከጎኑ በእርሳስ ከተማውን እጽፋለሁ። ልጆቹ መሀሉን ብቻ ስካን አድርገው ክፈፉን ተዉት። ወረቀቶቹንም ፊታቸውን እንጂ ጀርባቸውን አላዩም። ጀርባው ላይ ነው እኮ ነገሩ ያለው! የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የሆቴል ስም፣ «እንዳትረሺኝ» የሚል የሰው እጅ ጽሑፍ። ይህ ማሽን ወረቀትም ፊልምም ስለሚያነብ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስላይዱን እንደ ፊልም፣ ከዚያ ነጩን ምንጣፍ መልሰን ክፈፉን እንደ ወረቀት። አድካሚ ነው። የእህቴ ልጅ ይነጫነጫል። ግን ፋይሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መቼና የት የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመለሳል።

ማኅተሙ ደብዝዞ የማይነበብ ክፈፍም አለ። ያኔ ፎቶው ራሱ ይናገራል። አንድ የፍራንክፈርት ስላይድ ላይ ትልቅ የፈራረሰ ሕንፃ አለ፤ መስኮቶቹ ባዶ ናቸው። አልቴ ኦፐር ነው፣ የድሮው ኦፔራ ቤት። በጦርነቱ ቦምብ ተመትቶ ለብዙ ዓመት ፍርስራሽ ሆኖ ነው የቆየው፤ በነሐሴ 1981 ታድሶ ተከፈተ። ስለዚህ ስላይዱ ከዚያ በፊት ነው። እዚያው ፍራንክፈርት ሮመርበርግ አደባባይ ላይ ደግሞ ዛሬ ቱሪስት ሁሉ የሚያነሳቸው ባለ ጣውላ ቤቶች አሉ። በእኔ ስላይድ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ቤቶቹ የተሠሩት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰዎች ፎቶአቸውን እያሳዩኝ «እነዚህ የመካከለኛው ዘመን ቤቶች» ሲሉኝ ዝም እላለሁ።

የአቴንስ ስላይዶቼም እንደዚያው። አክሮፖሊስ ላይ ኤሬክቴዮን የሚባለው ቤተ መቅደስ ጣሪያውን የተሸከሙ ስድስት ሴቶች አሉት። ዛሬ የምታዩአቸው ቅጂዎች ናቸው። ዋናዎቹን በ1979 ከጭሱ ለማዳን አወረዷቸው። እኔ ያነሳኋቸው በ1974 ነው። አንደኛዋ ደግሞ ያኔም ቅጂ ነበረች፤ ዋናዋን እንግሊዞች ከወሰዷት ቆይቷል፣ እስከ ዛሬ ለንደን ናት። በ3200 ስካን አድርገን ስናሰፋው የፊታቸው መበላት ይታያል። እኛ ደግሞ ከታች ቆመን፣ በእነሱ አኳኋን አንድ ጉልበታችንን አጠፍ አድርገን ተነስተናል። ሌሊቱን ትሪ ስንሸከም አድረን!

ካሜራዬ ምን ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። ኦሊምፐስ ትሪፕ 35። ባትሪ የለውም። ብርሃን ሲያንስ መስኮቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ብቅ ይልና አላነሳም ይላችኋል። እንዲህ ዓይነት ግልጽነት ያለው ዕቃ አሁን የት አለ።

ቤጂንግ ጥቁርና ነጭ ነው። አየር መንገዳችን ቻይና መብረር የጀመረው በ1973 ነው፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። እኛ ስንሄድ መንገዱ ሁሉ ብስክሌት ነው። ልብሱ ሁሉ ሰማያዊና ግራጫ ነው። ፎቶ ለማንሳት ስቆም ሰው ይከበኛል፤ ፀጉሬን ለማየት ነው። አይነኩኝም፣ አይስቁም፣ ዝም ብለው ያያሉ። ሆቴል ክፍላችን ውስጥ ሁሌም ፍል ውኃ የሞላ ትልቅ ፔርሙዝ ይቀመጥ ነበር። ዕቃ የምንገዛው ለውጭ ሰው ከተፈቀደው የወዳጅነት ሱቅ ነው። አንድ ኔጌቲቭ ላይ ቲያንአንመን በር፣ የማኦ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ አረንጓዴ ዩኒፎርማችንን የለበስን እኛ አለን። በጥቁርና ነጭ አረንጓዴ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ማሽኑ ይህን ዓይነት ፊልም ጥሩ ያነባል። ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል፤ ድሮ ወረቀት ላይ ጥቁር የነበረው ቦታ ውስጥ ሰዎች እንዳሉ አየሁ።

ኔጌቲቭ ለምን ስካን ይደረጋል፣ የታተመው ፎቶ እያለ? ይህን ፎቶ ቤቱም ጠይቆኝ ነበር። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው የቴክኒክ ነው። 9 በ13 የሚባለው የድሮ ወረቀት መጠን ከፊልሙ ቅርጽ ጋር እኩል ስላልሆነ ዳሩ ይቆረጣል። በስካነሩ ሶፍትዌር ላይም ተምኔይል የሚለውን ምልክት አንሱና ራሳችሁ ዙሪያውን አስምሩ፤ ያኔ ምስሉ እስከ ዳሩ ይገባል።

ሁለተኛው መቀስ ነው። በ1977 ቦምቤይ፣ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ፊት ለፊት፣ ሦስት ሆነን ሳሪ ለብሰን ተነሳን። ሳሪዎቹን የገዛነው ኮላባ መንገድ ላይ ነው፤ ስንከራከር ውለን። ፎቶው አልበሜ ውስጥ ገባ። ከዓመት በኋላ ከሦስታችን አንዷ አውሮፓ በረራ ሄዳ ሳትመለስ ቀረች። የዚያን ዘመን ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር ያውቃል። ማን ነበር ጓደኛዋ፣ ከማን ጋር ትውል ነበር፣ የሚል ጥያቄ ይመጣል። እናቴ አልበሙን አወጣች፣ መቀሱን አመጣች። የቀረነው ሁለት ነን። በትከሻዬ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጣት አለ። ፎቶው እንደዚያ ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ።

ኔጌቲቩን ግን ማንም አላሰበውም። ሻንጣው ሥር፣ በወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ነበር። ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ መጀመሪያ ሰማዩ መጣ፣ ከዚያ የበሩ ቅስት፣ ከዚያ ሦስት ጭንቅላት። የእህቴ ልጅ «ሦስተኛዋ ማናት?» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ነገርኩት፤ ስለ ሰዓት እላፊው፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ እናቴ ፍርሃት። ስካነሩ የሚቀጥለውን ሲያነብ ሁለታችንም አላየነውም። ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁላት። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ አያት ሆናለች። መልሷ ወዲያው መጣ፦ «ያደረግሽው ሰንዳል የኔ ነው። አልመለስሽልኝም።»

ለዚህ ብቻ 300 ዶላሩ ወጥቶልኛል። ግምገማ ስለሆነ ግን ልቀጥል።

የከለር ወረቀት ፎቶዎች ነገር ሌላ ነው። የ1980ዎቹ ፎቶዎቼ ሁሉ ቀልተዋል። ቦይንግ 767ታችን ሰኔ 1 ቀን 1984 ከዋሽንግተን ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ የገባ ዕለት ቦሌ ነበርኩ። 12,082 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ እኛ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ ተኩራርተናል። ፎቶው ላይ ሰማዩ ሮዝ ሆኗል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ከለር ሪስቶሬሽን የሚል ቁልፍ አለ፤ ተጫኑት። ሰማዩን ሰማያዊ አደረገው፣ የጅራቱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መጣ። የሰው ቆዳ ላይ ግን ያበዛዋል፤ ቀስ ብላችሁ በእጅ አስተካክሉ።

ከዚያው ዓመት መጨረሻ የቦሌ ፎቶ የለኝም። ድርቁ ነበር። ከየአገሩ የእርዳታ እህል የሚያመላልሱ አውሮፕላኖች፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ጭምር፣ ሜዳው ላይ ተደርድረው ነበር። እኛ ትሪ ላይ ምግብ ደርድረን ወደ አውሮፓ እንነሳለን። ካሜራ ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም፤ ክልክልም ነበር፣ እጅም አይታዘዝም።

ወረቀት ላይ ያሉትን ግን፣ እንዳልኳችሁ፣ በስልክ ጨርሱ። ጉግል በ2016 ያወጣው ፎቶስካን የሚባል መተግበሪያ በነፃ ነው። ፎቶውን አንዴ ካነሳችሁ በኋላ አራት ነጥቦች ያሳያችኋል፤ ስልኩን በየነጥቡ ላይ ታዞራላችሁ፣ የመብራቱን ነጸብራቅ ያጠፋዋል። ኒውጀርሲ ዳርቻ ቆሜ፣ ከጀርባዬ ሁለቱ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች የሚታዩበትን የ1999 ፎቶ በዚህ ነው ያስገባሁት። ምንም አልጎደለውም። ገጹ ሙጫ ያለው፣ ላዩ ላስቲክ የሆነ አልበም ካላችሁ ደግሞ ፎቶውን በጉልበት አትላጡት። የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ አሳልፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ካልተላቀቀ ተዉት፣ እዚያው ላይ አንሱት።

ፋይሎቹን ስም ስጧቸው፤ ማሽኑ በቁጥር ነው የሚያወጣው። እኛ ዓመት፣ ከተማ፣ ማን እንዳለ እንጽፋለን። አንዱ ቅጂ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ሜሪላንድ ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለቲፍ አይበቃም፤ ለዘመድ የሚላከውን ጄፔግ እዚያ አድርጉ። ስካን እያደረጋችሁ መብራት ከሄደ የጀመራችሁት ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ስካነሩ የለውም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁ ስካነሩን እሱ ላይ ስኩት።

የእህቴ ልጅ «ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ?» ብሎኝ ነበር። 8። አንዱን የቀነስኩት በኮዳክሮሙ ምክንያት ነው፤ ፊዚክስ ነው ቢሉኝም ቀንሻለሁ። ሌላውን የቀነስኩት ሆስተስ ከመሆኔ በፊት በነበረኝ ትንሽ ኢንስታማቲክ ካሜራ ምክንያት ነው። የእሱ ፊልም 126 የሚባለው ነው፤ ምስሉ አራት ማዕዘን፣ ጎኖቹ እኩል። ለእሱ የሚሆን መያዣ ከማሽኑ ጋር አይመጣም። በ35ቱ መያዣ ስታስገቡት ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፤ የአባቴን ባርኔጣ ቆርጦብኛል። አሁን የእህቴ ልጅ ከጫማ ካርቶን መያዣ እየቆረጠ ነው። ፊልሙ መስታወቱን እንዳይነካ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ከነካ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይወጣል። የመጀመሪያው ካርቶን ቀጠነ። ሁለተኛውን እየሠራ ነው።